ቀበቶ ታስሮ ሽምግልና

ሽምግልና ክብር ነው ይላሉ። ይህን ያሉ ሰዎች ሽምግልና የሄዱት በእግራቸው ይሆናል፤ ቢበዛ በበቅሎ። እኔ የሄድኩት በአውሮፕላን ነው፤ ያውም በሐምሌ ከሰዓት በኋላ፤ ያውም ወደ ዴንቨር። ስለዚህ ከእንግዲህ "ሽማግሌ ሁነን" ብሎ በሬን የሚያንኳኳ ሰው ካለ፣ መጀመሪያ ልጅቷ የምትኖርበትን ከተማ ይንገረኝ። ከፌርፋክስ በአውቶቡስ የማይደረስ ከሆነ ቤት የለሁም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ሎስ አንጀለስ፣ ፒኮ ሮበርትሰን አካባቢ አንድ አፓርትመንት ውስጥ እትዬ ዘነበች ከላይ፣ እኔ ከታች እንኖራለን። እትዬ ዘነበች ድስት ይዘው ከወረዱ ጉዳይ አላቸው ማለት ነው፤ ድስቱ በተለቀ ቁጥር ጉዳዩም ይተልቃል። ያን ቀን የወረዱት የፋሲካውን ድስት ይዘው ነው። ክዳኑን ሳልከፍት ልቤ ፈራ።

"ለናሆም ሽማግሌ ሁንልኝ" አሉ።

"እትዬ ዘነበች፣ እኔ ገና ምኑን ሸመገልኩ?"

"እኔ'ኮ ከላይ ሆኜ ነው የማይህ። መሐል አናትህ እንዴት እንደተመለጠ አውቃለሁ" አሉና ክርክሩን ዘጉት።

ናሆም ልጃቸው ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ነርስ የሆነ፣ ሰላምታ የሚያውቅ ልጅ ነው። አንድ ሠርግ ላይ ሶስና የምትባል የዴንቨር ልጅ አገኘና ልቡ እዚያው ቀረ። እሷም ትወደዋለች። ነገር ግን እናቷ ካረፉ ወዲህ ለብቻቸው ያሳደጓት አባቷ ናቸውና "አባቴ ካልመረቀን ሠርግ የለም" ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። እሱም እንደ ወጉ ሽማግሌ መላክ አለበት።

ሽማግሌ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ጋሼ ወርቅነህ ናቸው። አዲስ አበባ ሳሉ ሕግ ይማሩ ነበር፤ እዚህ ነዳጅ ማደያ ሲያስተዳድሩ ኖረው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ያልተከራከሩበት ሕግ ሁሉ ሆዳቸው ውስጥ ተጠራቅሞ ስላለ፣ ጋሼ ወርቅነህ "እንዴት አደራችሁ" ለማለት እንኳ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ያስፈልጋቸዋል። ሁለተኛው ዴንቨር የሚጠብቁን አንድ ቄስ ናቸው። ሦስተኛው እኔ ነኝ። የሦስተኛ ሽማግሌ ሥራ ምንድነው ብትሉ፣ የመጀመሪያው ሲናገር ራስን መነቅነቅ ነው። ይህን እንኳ በወጉ መሥራት አቅቶኝ ነው የምታዩኝ።

እትዬ ዘነበች ሊወጡ ሲሉ በሩን መልሰው ዘጉት። "የዚያች የኤርፖርት ነገር ካንተ አትውጣ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ከወጣች ልጄ ሚስት አጣ ማለት ነው።"

የኤርፖርቷ ነገር እንዲህ ናት። ናሆም አውሮፕላን ይፈራል። አንድ ጊዜ ሶስናን ሊያይ ትኬት ቆርጦ እኔው ነኝ ያደረስኩት። ገና ከኤርፖርቱ ክልል ሳልወጣ ስልኬ ጠራ። "ጋሼ፣ አይም ሶሪ፣ ተመለስና ፒክ አድርገኝ" አለኝ። ስመለስ ሸሚዙ በላብ ርሶ፣ ሻንጣውን አቅፎ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ወዲህ በየወሩ እረፍት ሲያገኝ ዴንቨር ድረስ ድራይቭ እያደረገ ይሄዳል። በረሃውን አቋርጦ፣ ተራራውን ወጥቶ፣ ልጅቷን አይቶ፣ ያንኑ ሁሉ መንገድ ተመልሶ ሥራ ይገባል። እናቱ ለዴንቨሮች "መኪና መንዳት ነፍሱ ነው" ብለው አስወርተዋል።

ይህ ሁሉ መሸፋፈን ምን አመጣው ትሉ ይሆናል። የሶስና አባት ሻምበል ክፍሌ አየር ወለድ ነበሩ። ከሚበር አውሮፕላን በጃንጥላ እየዘለሉ ሲወርዱ ወጣትነታቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። እንግዲህ እኚህን ሰው፣ ልጅዎን የሚጠይቀው ጎረምሳ መሳፈሪያው በር ላይ ቦርዲንግ ፓስ ይዞ ያልበዋል ብላችሁ ንገሯቸው።

ደግሞ ልጁን የሚሰጥ አባት ሳያጣራ አይሰጥም። ከመሄዳችን ቀደም ብሎ ሻምበል "ቅመም ልገዛ" ብለው ሎስ አንጀለስ መጡና የሐበሻ ሱቅ የተደረደረበትን ፌርፋክስን ከጫፍ ጫፍ መሰለል ጀመሩ። ምን ያደርጋል፣ ፌርፋክስ ላይ ምስጢር መንገድ እስክትሻገር ነው የምትቆየው። ሻምበል አንዱ ሱቅ ገብተው እስኪወጡ ቀጣዩ ሱቅ ሰምቶ፣ ተሰናድቶ፣ ምስክርነቱን አለማምዶ ይጠብቃቸዋል። ቅመም ቤቷ ናሆም እናቱን ቀና ብሎ አይቶ እንደማያውቅ መሰከረች። ፀጉር አስተካካዩ "መላጫ ይዤ አንገቱ ላይ ስቆም እንኳ አይነቃነቅም፤ ደፋር ነው" አለ። አንዱማ ናሆምን በመልክ የማያውቅ ሰውዬ "እጄ ላይ ነው ያደገው" ብሎ አለቀሰ አሉ።

እዚህ ድረስ መልካም ነው። ያበላሸችን ትኬት የምትቆርጥልን አልማዝ ናት። የኛን ሰው ትኬት ሁሉ የምትቆርጠው እሷ ስለሆነች የሻምበልንም የመመለሻ የቆረጠችው እሷ ናት። ምን እንዳደረገች የገባን መሳፈሪያው በር ጋ ደርሰን ሻምበልን ፊት ለፊታችን ስናያቸው ነው። ደወልኩላት።

"ሶ፣ ሁላችሁም ሐበሻ ናችሁ አይደል?" አለች ደስ ብሏት። "ከፈረንጅ መሐል ብቻችሁን እንዳትሆኑ ብዬ አንድ ረድፍ ላይ ነው አሳይን ያደረግኳችሁ። ሻምበል መስኮት፣ አንተ መሐል፣ ጋሼ ወርቅነህ መተላለፊያው ጋ። ፌቨር ነው፤ ኤክስትራ አላስከፈልኩም።"

ጋሼ ወርቅነህ እጅጌዬን ጨመደዱ። "አላየናቸውም" አሉ።

"ጋሼ፣ እያዩን'ኮ ነው።"

"የምናያቸው ነገ ነው። ሽማግሌ የማይታወቅ እንግዳ ሆኖ በር ያንኳኳል፤ አባት 'ማን ናችሁ፣ ከየት መጣችሁ' ይላል። ዛሬ ከተዋወቅን ነገ ምን ሊሉን ነው?"

ሻምበልም ወግ አዋቂ ናቸውና ልክ እንደኛ እንዳላወቁን ሆኑ። ችግሩ ሐበሻ አጠገቡ ለተቀመጠ ሐበሻ ሰላም ሳይል መቀመጥ አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ሦስታችን ስም ሳንጠራራ፣ ቀበቷችንን አስረን፣ ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብና ስለ አገር ሰላም ጉንጫችን እስኪዝል ተጠያየቅን።

"ወዴት ነው ጉዞው?" አሉ ሻምበል። አውሮፕላኑ ከዴንቨር ሌላ የትም አይሄድም።

"ዴንቨር፤ አየር ለመለወጥ" አሉ ጋሼ ወርቅነህ። "እርስዎስ?"

"ቅመም ልገዛ መጥቼ ነበር" አሉ ሻምበል። ይህ እንኳ እውነት ነው። ከወንበሩ ሥር የከተቱት ሻንጣ በርበሬ በርበሬ እየሸተተ ከፊታችን ያለው ፈረንጅ ሁለት ጊዜ አስነጥሷል።

ከዚያ ሻምበል ቆሎ አወጡና እፍኝ ሙሉ ዘገኑልኝ። እንዴት እምቢ ይባላል? ተቀበልኩ። ወዲያው ጋሼ ወርቅነህ በክርናቸው ጎኔን ወጉኝ። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ ከልጅቷ ቤት እህል አይቀምስም፤ ቁጭ በሉ ሳይባልም አይቀመጥም። መቀመጡን እንኳ አየር መንገዱ አስገድዶን ነው። ቆሎውን ልበላው አልችልም፤ ልመልሰው ነውር ነው፤ ኪሴ ልከተው እያዩኝ ነው። ጨብጬው ቀረሁ። ኔቫዳን በሙሉ የተሻገርኩት ቡጢ ጨብጦ እንደተቀመጠ ሰው ሆኜ ነው።

ተራራው ላይ ስንደርስ ሰማዩ ጠቆረ። የሎስ አንጀለስ ሰው ነጎድጓድ ረስቷል። እኛ ሠፈር ጓ የሚል ነገር ከተሰማ ማክሰኞ የሚመጣው የቆሻሻ መኪና ነው። ፓይለቱ በተኛ ሰው ድምፅ "ያልጠበቅነው ነጎድጓዳማ ደመና አጋጥሞናል፤ ትንሽ ያንገጫግጨናል፤ ቀበቷችሁን አጥብቁ" አለ። ይህን "ትንሽ" የሚለውን ቃል ማን እንዳስተማረው አግኝቼ ባነጋግረው ደስ ይለኛል።

አውሮፕላኑ ወረደ። አልተንገጫገጨም፤ ወረደ። መጨበጤን ረሳሁና እጄን ከፈትኩት፤ ኔቫዳን ሙሉ የጠበቅኩት ቆሎ ወደ ጣሪያው በረረ፤ መልሶ ደግሞ ያው የሚያስነጥሰው ፈረንጅ አናት ላይ ዘነበ። ሰውዬው ዞር አለና አየኝ። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት እንደገና ወረድን።

ዞር ስል ሻምበል የሉም። ማለቴ አሉ፤ ግን ፊታቸው ላይ ደም የሚባል የለም። እጄን ይዘውኛል፤ ጣቶቼ ተጨፍልቀዋል። ላጽናናቸው ብዬ የመጀመሪያውን ስሕተት የሠራሁት ያኔ ነው።

"አይዞዎት ሻምበል፤ እርስዎ'ኮ አየር ወለድ ነዎት" አልኳቸው።

ጋሼ ወርቅነህ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እስካሁን ማንም ለማንም ስሙን አልተናገረም ነበር።

"አየር ወለድማ ነኝ" አሉ ሻምበል ጥርሳቸውን ነክሰው። "አውሮፕላን ሲንቀጠቀጥ እኔ የማውቀው መላ አንድ ነው፤ መዝለል። እዚህ በሩን አይከፍቱልኝ፣ ጃንጥላ አልሰጡኝ። ጁስ ነው የሰጡኝ።" ትንፋሻቸውን ዋጡ። "እናንተ ሽማግሎቹ ናችሁ።"

እኔ ሦስተኛ ሽማግሌ ነኝና ራሴን ነቀነቅሁ።

"እንግዲያው ስማኝ" አሉ፤ አንቱታውም እዚያው ላይ ወደቀ። "ፌርፋክስን በሙሉ ጠይቄያለሁ። ጉድለት የሌለው ልጅ ነው አሉኝ። ጉድለት የሌለው ሰው እኔ አላውቅም፤ ስለዚህ የተደበቀ ነገር አለ። እኔ ዛሬ እዚህ ተራራ ላይ ከቀረሁ ልጄ ብቻዋን ናት። እናት የላት፣ ወንድም የላት። ለማን ትቼያት እንደምሄድ ልወቅ። ልጁ ምን አለበት? ይጠጣል?"

"ኧረ አይጠጣም።"

"ይማታል?"

"ሻምበል፣ በማርያም።"

"ታዲያ ምንድነው?"

መብረቁ መስኮቱ ላይ ብልጭ አለ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል የሚሉት ይህን ደመና ስላላዩ ነው። የእትዬ ዘነበች አደራ ትዝ አለኝ፤ ድስቱ ትዝ አለኝ፤ ግን ደግሞ እኚህ ሰውዬ እጄን ይዘው ስለ ልጃቸው እየለመኑኝ እንዴት ልዋሻቸው? ለሦስተኛ ጊዜ ስንወርድ አፌ ብቻውን ተከፈተ።

"ፈሪ ነው" አልኩ። ጮኼ ኖሯል፤ ከኋላ አንድ ሕፃን ዝም አለ። "አውሮፕላን ይፈራል። ኤርፖርት አድርሼው ከበሩ ተመልሷል። በየወሩ ልጅዎን ሊያይ የሚመጣው በመኪና ነው፤ መንዳት ስለሚወድ አይደለም፤ መብረር ስለማይችል ነው።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሻምበል አንዴ አዩኝና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። እጄን ለቀቁት። መያዛቸው ሲያመኝ ነበር፤ መልቀቃቸው ግን ባሰ። ልጁን ገደልኩት ብዬ አሰብኩ።

ይህን ጊዜ ጋሼ ወርቅነህ ነገሩን ሊያድኑት ቆረጡ። ነገሩ ከተነሣ ዘንድ በወጉ መጠየቅ አለበት፤ ሽማግሌ ደግሞ የሚጠይቀው ቆሞ ነው። ቀበቷቸውን ፈቱ፤ ኮታቸውን ቆለፉ፤ ቆሙ።

"የተከበሩ ሻምበል ክፍሌ" አሉ የወንበሩን ጀርባ ይዘው እየተወዛወዙ፤ "እኛ ከሩቅ አገር የመጣን እንግዶች..."

ሆስተሷ ከተቀመጠችበት ጮኸች፤ ተቀመጥ አለች። ጋሼ ወርቅነህ በሕግ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ይህ ጉዳይ ተቀምጦ የሚባል እንዳልሆነ አስረዷት። እሷ የገባት ሌላ ነው። መጸዳጃ ቤቱ አሁን ዝግ ነው፤ እንደምንም ይቻሉት አለቻቸው። ጋሼ ወርቅነህ በሕይወታቸው እንዲህ ተዋርደው አያውቁም። መልስ ሊሰጧት ዞር ሲሉ አውሮፕላኑ ወደ ጎን ተጣለ፤ ከመተላለፊያው ማዶ ባለች አንዲት ወፍራም ፈረንጅ ጭን ላይ ቁጭ አሉ። ሴትዮዋ ደግ ናት፤ አቀፈቻቸው። እስክናርፍ ድረስ አልለቀቀቻቸውም።

ዴንቨር ስናርፍ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሻምበል ፀጉራቸውን አስተካከሉ፤ በርበሬያቸውን አነሡ። "በሉ ደህና ዋሉ" አሉን፤ "ስላልተዋወቅን ይቅርታ።" ሄዱ።

"ራስህን ነቅንቅ ነው የተባልከው" አሉኝ ጋሼ ወርቅነህ። ሌላ ንግግር አላደረጉም፤ ከሳቸው ይህ ስድብ ነው። እትዬ ዘነበች ደውለው "እንዴት ነበር?" ሲሉኝ "ዝናብ ነበር" አልኳቸውና ስልኩን ዘጋሁት።

በማግስቱ እሑድ ከቄሱ ጋር ሆነን የሻምበልን በር አንኳኳን። ሻምበል ከፈቱና ሦስታችንን ከላይ እስከ ታች አዩን።

"ማን ልበል? ከየት መጣችሁ?" አሉ። እንዲህ አድርጎ የሚያስመስል ፊት አይቼ አላውቅም።

ሳሎኑ መሐል ቆምን። ቄሱ ባረኩ። ጋሼ ወርቅነህ ትናንት የተቋረጠባቸውን ጨምረው፣ የናሆምን ዘር ከነቅርንጫፉ ቆጥረው፣ ሲጨርሱ "በአጭሩ ልጃችን ጀግና ነው" አሉ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

"እርስዎስ ምን ይላሉ?" አሉ ሻምበል ወደ እኔ ዞረው። ሦስተኛ ሽማግሌ ተጠይቆ አያውቅም። ቄሱ እንኳ ደነገጡ። 'ትናንት እንዳልኩዎት ነው' ልበላቸው? አልተዋወቅንም። ልዋሽ? ትናንት እጄን የያዙኝ ሰው ናቸው።

"ፈሪ ነው" አልኩ ቀስ ብዬ። "ግን አንድም ወር አልቀረም።"

"ደፋር ደፋሩን ብዙ አይቻለሁ" አሉ ሻምበል። "ሚስቱን ጥሎ የሄደ ደፋር አይቻለሁ። እኔ ፈርቶ ያልቀረ ሰው ነው የምፈልገው።" ጋሼ ወርቅነህ ፊታቸው ሲበራ ሻምበል እጃቸውን አነሡ። "እንመክርበታለን። ተመልሳችሁ ኑ።"

ወጉ ነው፤ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። ግን እናንተ በእኔ ቦታ ሆናችሁ እዩት። ያንን ሰማይ ደግሜ ልገባበት? ሻምበል እስከ በሩ ተከትለውኝ መጡ።

"በአውሮፕላን አይደለም" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ልጁ ራሱ ይዟችሁ ይምጣ።"

መጣን። ስለዚያ መንገድ ብዙ አልናገርም። ጋሼ ወርቅነህ ከፊት ተቀምጠው ከሎስ አንጀለስ እስከ ዩታ ድረስ ንግግራቸውን አለማመዱ፤ ከዩታ በኋላ ደግሞ አሻሻሉት። ለነጎድጓዱ ያዘንኩት ያን ጊዜ ነው፤ እሱ ቢያንስ ትንፋሽ ይወስድ ነበር። ናሆም ዝም ብሎ ይነዳል። የማላውቀውን ማደያ ሁሉ ያውቀዋል፤ የትኛው ቡናው እንደሚጠጣ፣ የትኛው መታጠፊያ በዝናብ እንደሚያዳልጥ። አጠገባችን ረጃጅም የጭነት መኪኖች ሲያልፉ መሪውን በሁለት እጁ አጥብቆ ይይዛል። ይህን መንገድ በየወሩ ብቻውን ይመላለስ እንደነበር አስቤው አላውቅም ነበር።

ስንደርስ ሻምበል ውጭ ቆመዋል። ይህ ከወግ ውጭ ነው፤ አባት ሳሎኑ ውስጥ ነው የሚጠብቀው። ጋሼ ወርቅነህ ክራቫታቸውን አጥብቀው፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ወረዱ። ሻምበል አለፏቸው። ዞረው በሹፌሩ በኩል መጡና በሩን ከፈቱ።

"ደከመህ?" አሉት።

"ትንሽ" አለ ናሆም።

"ፈራህ?"

ናሆም እኔን አየኝ፤ እኔ ደግሞ ሰማይ ሰማይ አየሁ። "ተራራው ላይ ስንደርስ፣ አዎ" አለ።

"እኔም እዚያው ተራራ ላይ ነው የፈራሁት" አሉ ሻምበል። ልጁ ወርዶ ያነሣውን ሻንጣ ከእጁ ተቀብለው፣ ክንዱን ይዘው ወደ ቤት ይዘውት ገቡ። ሶስና ውስጥ ሆና አንድ ነገር ስትል ሰማሁ፤ ሳቀች ይሁን አለቀሰች ለይቼ አልሰማሁትም።

እኛ ሽማግሎቹ ሣሩ ላይ ቆመን ቀረን። ማን ናችሁ፣ ከየት መጣችሁ የሚለን ሰው ጠፋ። ጋሼ ወርቅነህ "እኛስ?" አሉ። በሩ ክፍት ነበርና ገባን፤ ቁሙ ያለን ስላልነበረ ተቀመጥን፤ ምሳም በላን።